ሶስና ያላገባችበት ደብዳቤ

እናትዓለም ለአምሐ የመጀመሪያውን ውሸት የጻፈችለት በኅዳር ወር፣ አንድ ቅዳሜ፣ ፀሐይ በዘጌ በኩል ስታዘቀዝቅ ነበር። ውሸቱ ሁለት ቃል ብቻ ነው። «ሶስና አላገባችም» ብላ ጻፈች። ጻፈችና ብዕሩን አስቀምጣ በመስኮቱ ሐይቁን ስታይ ቆየች። 

ሶስና ደግሞ ማን ናት? ኧረ ያን ጊዜ ባሕር ዳር ላይ ይህን የሚጠይቅ ሰው አይገኝም ነበር! በ1976 ዓ.ም. ቅዳሜ ከቀኑ ዐሥር ሰዓት ሲሆን ከተማው ጭር ይላል። ራዲዮ ያለው በቤቱ፣ የሌለው በጎረቤቱ መስኮት ሥር ይቀመጣል፤ «የሩቁ ጣቢያ» ይተላለፋላ። ድፍን አራት ዓመት የተሰማ ድራማ ነው። ደመላሽ የሚባል አብራሪ በጠፈር መርከብ ከዋክብት መሃል ይጓዛል፤ ሶስና ምድር ላይ ካለው የመገናኛ ጣቢያ ሆና ታነጋግረዋለች። ከርቀቱ የተነሣ ድምፅዋ እሱ ዘንድ ለመድረስ አርባ ቀን ይፈጅበታል፤ የእሱም መልስ ሌላ አርባ ቀን። አንድ ጊዜ «እንዴት አደርህ?» ብላው «ደኅና» እስኪላት ድረስ ከተማው ሁለት ወር ከሃያ ቀን በጭንቅ ከረመ።

እናትዓለምና አምሐን ያገናኛቸውም ይኸው ድራማ ነው። ወደቡ አጠገብ፣ ከዋርካው ሥር፣ የጋሽ ዓሊ ሻይ ቤት አለች። እሷ በአንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበረች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ከጋሽ ዓሊ ልጅ ከጓደኛዋ ከነፊሳ ጋር ትቀመጣለች። እሱ ከይፋግ የመጣ የገበሬ ልጅ፣ መምህር፣ ሁልጊዜ በሩ አጠገብ ብቻውን ነበር። አንድ ቀን ሶስና እየተናገረች ራዲዮው ሲንኮሻኮሽ ሁለቱም አንቴናውን ሊያስተካክሉ እኩል ብድግ አሉ፤ እጃቸው ተነካካ። ቀና ብላ አየችው፤ እሱም አያት። የሶስና ድምፅ ጥርት ብሎ ተመለሰ፤ እነሱ ግን የዚያን ቀን አንድ ቃል አልሰሙም።

ታዲያ ደስታ መች ይበረክታል? በመስከረም አምሐ ከሐይቁ ማዶ ወደ ደልጊ ተዛወረ። ደልጊ ላይ አንድ ራዲዮ አለ፤ የባትሪ ድንጋዩ ግን ካለቀ ቆይቷል፣ ሌላ ድንጋይም ከየትም አልተገኘም። እናም ተስማሙ። ቅዳሜ የሰማችውን ሁሉ አንድ ሳታስቀር ጽፋ፣ እሑድ ጧት በምትሄደው መርከብ ትልክለታለች። እሱ ደግሞ ትምህርት ቤቱ ግቢ ሰው ሰብስቦ ያነባል። በየደብዳቤው መጨረሻ፣ ከደመላሽና ከሶስና በታች፣ ሁልጊዜ አንድ ቃል ትጨምራለች፦ «እጠብቅሃለሁ።»

ዘጠኝ ደብዳቤ እንዲህ ሄደ። በመሃሉ፣ በጥቅምት መጨረሻ ላይ፣ አስተዋዋቂው «ከዛሬ ጀምሮ ድራማውን የሚያዘጋጁት ሌላ ደራሲ ናቸው» ብሎ አለፈ። የቀድሞው ደራሲ ምን ሆኑ፣ የት ሄዱ ያለ ሰው የለም። ያኔ እንዲህ ያለው ነገር አይጠየቅም። ስለ ድርሰቱ መከራከር ግን ማን ይከለክላል? ከተማው የታፈነ ጥያቄውን ሁሉ እዚያ ላይ አወጣው።

በሦስተኛው ሳምንት አዲሱ ደራሲ ሶስናን ለጣቢያው ኃላፊ ዳራት። በአንድ ዓረፍተ ነገር! የእናትዓለም እናት፣ ወይዘሮ አገርነሽ፣ ራዲዮውን በመዳፋቸው መቱት። «እጁን ቁርጥማት ይያዘው! ሰውየውን እዚያ ሰማይ ላይ አንጠልጥሎ ይችን እዚህ ይድር? አንጀት የለውም እንዴ?» ብለው ከራዲዮው ጋር ተኳረፉ።

ሰዓት ሳይሞላ ደግሞ ለልጃቸው ምን ቢሏት ጥሩ ነው? «የመሥሪያ ቤትሽ አካሉ ሽማግሌ ልላክ ይላል። ኃላፊ ነው፤ ላንድሮቨር አለው። ምን ትያለሽ?»

እናትዓለም አባቷ ከሞቱ ወዲህ እናቷ እንዴት እንዳሳደጓት ታውቃለች፤ ፊታቸው ላይ «እምቢ» የሚለው ቃል ከአፏ አይወጣላትም። ዝም አለች፤ ዝምታዋም እንደ እሺታ ተቆጠረ። ከዚያ ለአምሐ ልትጽፍ ስትቀመጥ «ሶስና መጠበቁ ሰልችቷት አገባች» የሚለውን ጽፎ፣ ከሥሩ «እጠብቅሃለሁ» ማለት አልሆነላትም። እንዴት ይሆናል? ምን ብሎ ያነበዋል? እናም ያቺን ሁለት ቃል ጻፈች። የመጣው ሳምንት ሌላ ጨመረች፤ በቀጣዩም ሌላ። ብቻ ስምንት ሳምንት ሙሉ ራዲዮው ሌላ፣ ደልጊ የምትሰማው ሌላ ሆነ። ስትጽፍ እንደ ሕልም የሚያደርጋት ነገር ነበር፤ ሶስና በእሷ እጅ እሷ ያልደፈረችውን ሁሉ ትደፍራለች።

*

በጥር ወር፣ አንድ ቅዳሜ፣ የጋሽ ዓሊ ሻይ ቤት ጢም ብላለች። ድራማው ሊጀምር ሩብ ሰዓት ቢቀረውም ክርክሩ ከጀመረ ቆይቷል።

«እኔ የምለው» አለ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛው አዘዘ፣ ፓስቲውን እየነከሰ፣ «የቀድሞው ደራሲ ሶስናን ዝም ብቻ አስብሎ ያስለቅሰን ነበር። ይኼኛው ብረት ከብረት ሲያጋጭ ይውላል። ብረት ሲንኳኳ መስማት ካማረኝ ፋብሪካዬ አለልኝ!»

«አንተ ደግሞ!» አለ ልብስ ሰፊው ጀላሉዲን። «በቀድሞው ጊዜ መርከቧ ሁለት ዓመት አንድ ቦታ ተገትራ ነበር እኮ። ወላሂ የደንገል ታንኳ ትፈጥናለች! አሁን ቢያንስ ውጊያ አለ፣ እንቅስቃሴ አለ።»

«ባለ ሱቁ ተቀየረ ተብሎ ሱቁ ይጠላል እንዴ?» አሉ ጋሽ ዓሊ ሻይ እየቀዱ። «ዕቃው ነው የሚታየው።»

«አየነዋ ጋሽ ዓሊ!» አለ አዘዘ። «ዕቃው ነው የተበላሸው! ሶስናን መዳሩንስ ምን ትሉታላችሁ?»

«ታግባ እንጂ» አለ ጀላሉዲን ትከሻውን ሰብቆ። «ሰው እስከ መቼ ይጠብቃል?»

እናትዓለም ብርጭቆዋን በሁለት እጇ ያዘች። ነፊሳ በክርኗ ነካ አድርጋት ወደ በሩ አመለከተቻት። አምሐ ቆሟል። ፀሐይ አጥቁራዋለች፣ ከስቷል፤ በእጁ ማር የተሞላ ጣሳ ይዟል። ለመምህራን ስብሰባ ለአንድ ሳምንት መጥቶ፣ ከመርከብ እንደወረደ ቀጥታ ወደዚች ቤት ነው የመጣው። ሊያስደንቃት ፈልጎ አልጻፈላትም። ሲያያት ፊቱ ሁሉ ፈካ። እሷም ልቧ ፈካ፤ ወዲያው ደግሞ ቀጥ አለ።

«ይቅርታ፣ ጨዋታችሁን ላቋርጥ» አለ እየሳቀ። «እኔ ከአዲሱ ደራሲ ጋር ነኝ!»

«ጎሽ! መምህር መጣልኝ!» አለ ጀላሉዲን።

«የቀድሞው ጥሩ ነበር፤ ሶስናን ግን እንዲህ አላወቃትም። ያ የጣቢያው ኃላፊ ሽማግሌ ሲልክባት እምቢ ያለችበትን ክፍል ማን ይረሳዋል? ለደመላሽ ዝናቡን ያሰማችበትንስ? ‹ዝናብ ከረሳህ ብዬ ነው፣ እንካ ስማው› ብላ ማይክሮፎኑን በመስኮት ያወጣችውን! እኔ እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም።»

እናትዓለም ብድግ ስትል ሻዩ ተደፋ። ዘግይታለች። ሁሉም ወደ አምሐ ዞሯል።

«መምህር» አለ አዘዘ ቀስ ብሎ፣ «የየት አገር ራዲዮ ነው የሰማኸው?»

«ሶስና እኮ ካገባች ስምንት ሳምንቷ ነው» አለ ጀላሉዲን። «አሁንማ ስሟም አይነሣ!»

ቤቱ በሳቅ አወካ። ክፋት አልነበረበትም፤ እንዲያውም አዘዘ «ይችን ዝናብ ያሰማችበትን የጻፈው ሰው ይምጣና ድራማውን ይረከብልን!» ብሎ ጠረጴዛውን መታ። አምሐ ግን አልሳቀም። ዓይኑን ከእናትዓለም ላይ ሳይነቅል ቆየ። እሷ ዓይኗን ሰበረች፤ እሱም ሁሉን ተረዳ። የማሩን ጣሳ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ወጣ።

ከዋርካው ሥር ደረሰችበት። ሐይቁ በከሰዓት ፀሐይ ያብረቀርቅ ነበር፤ አንድ ታንኳ ከሩቅ ይታያል።

«ማሩን የደልጊ ሰዎች ናቸው የላኩልሽ» አለ ሳይዞር። «‹ለዚያች ለምትጽፍልን ልጅ› ብለው። ስምንት ሳምንት ሙሉ የማንን ድርሰት ነው ያነበብሁላቸው?»

«የእኔን።»

«ወደብ ላይ ምን ሰማሁ መሰለሽ? አካሉ ሽማግሌ ሊልክ ነው ሲሉ። አላመንሁም፤ ‹ቢሆን በጻፈችልኝ› አልሁ።» ዞሮ አያት። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። «ለካ ሶስና ማግባቷን የደበቅሽኝ የራስሽን ስትደብቂኝ ነው። ‹እጠብቅሃለሁ› ያልሽውስ? እሱም ድርሰት ነው?»

ብዙ ነገር ልትለው ነበር። ስምንት ሳምንት ቃል ሲፈስላት የከረመች ሴት አንዲት ቃል አጣች። ዝም አለች፤ እሱም ዝምታዋን እንደ እናቷ ተረጎመው። ሲሄድ ስታየው፣ ያን ሰዓት ሐይቁ ከሰማይ ይልቅ የራቀ መሰላት።

*

ሳምንቱን ሙሉ ሸሻት። ዓርብ ዕለት ነፊሳ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዛ መጣች።

«እንኪ፣ እሱ ነው የላከው። ወላሂ እናትዬ፣ እንዲህ ፊቱ የወደቀ ሰው አይቼ አላውቅም» አለችና ትታት ሄደች።

ዐሥራ ሰባቱም ደብዳቤዎች ናቸው። ከላይ አንዲት ቁራጭ ወረቀት አለች፦ «የድርሰቱ ባለቤት አንቺ ነሽ፤ ይኸው ንብረትሽ።» እናትዓለም ደብዳቤዎቹን ስትገልጥ ወረቀቱ ከመነካካት ብዛት ልስልስ ብሏል። ጠርዝ ጠርዙ ላይ የአምሐ ደቃቅ የእርሳስ ጽሕፈት ነበር። እሷ እንድታየው የጻፈው አይደለም፤ ከሰው ፊት እያነበበ ለራሱ የያዘው ማስታወሻ ነው። «እዚህ ላይ እማማ ወለተ ሚካኤል አለቀሱ።» «እዚህ ላይ ሁሉም ሳቁ።» ዝናቡ ጋ ሲደርስ፦ «ይህን ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ፤ ለካ እነሱም ዝናብ ናፍቀዋል።» ከታች ደግሞ «እጠብቅሃለሁ» ካለችው አጠገብ፣ በሁሉም ደብዳቤ ላይ አንድ ዓይነት ቃል ተጽፏል፦ «ይህን አላነበብሁላቸውም። የእኔ ነው።»

ደብዳቤውን ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች። እሷ ያየችው አንድ አንባቢ ብቻ ነበር፤ ለካ ሐይቁን ተሻግሮ ስንት ሰው ሲጠብቃት ኖሯል! ከሁሉ በላይ ደግሞ ያ አንዱ።

*

እሑድ ጧት ሐይቁ ጉም ለብሷል። ዳር ያሉት ደንገሎች ብቻ ይታያሉ፤ ከዚያ ወዲያ ሰማዩና ውኃው አይለዩም። አምሐ ሻንጣውን ይዞ ከመርከቡ መሰላል አጠገብ ቆሞ ነበር። እናትዓለም በነጠላዋ ሥር ደብዳቤዎቹን አቅፋ፣ እያለከለከች ደረሰች።

«ልንገርህ፤ ከዚያ በኋላ ሂድ» አለችው። «ራዲዮው ላይ አግብታለች። እኔ ግን በእጄ ልጽፈው አልቻልሁም። ‹ሰለቻትና አገባች› ብዬ፣ ከሥሩ ‹እጠብቅሃለሁ› ብዬ እንዴት ልላክልህ? ሞቼ ነው የምገኘው! ስለ ሶስና ዋሽቻለሁ። ከሥር የጻፍሁት ግን አንዱም ድርሰት አይደለም። አንዱም! የጠርዙንም አንብቤዋለሁ።»

አምሐ ደነገጠ፤ የጠርዙን ጽሕፈት ረስቶታል። ፊቱ ላይ ሳምንት ሙሉ የነበረው ነገር ቀስ እያለ ሲሟሟ አየች። እጁን ዘርግቶ ከግንባሯ ላይ ጉሙ ያረጠበውን ፀጉር ገለጥ አደረገላት።

«አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ። ሶስና ለኃላፊው እምቢ አለች ብለሽ ጽፈሻል። አንቺስ እምቢ ብለሻል?»

ውሸት በቀላሉ ይመጣላት ነበር። በአፏ ላይም መጣ። ዋጠችው።

«አላልሁም። እሺም አላልሁ። ዝም ነው ያልሁት። ሽማግሎቹ ዛሬ ከቅዳሴ መልስ ይመጣሉ።»

መርከቡ ጮኸ። አምሐ እጇን ጥብቅ አድርጎ ይዞ ለቀቃት።

«እንግዲያው የደልጊን ሰዎች ቀጣዩ ክፍል ገና አልተጻፈም እላቸዋለሁ» አለ። «እኔም ከእነሱ ጋር እጠብቃለሁ።»

መርከቡ ወደ ጉሙ ገባ። እሱ ከኋላ ቆሞ እጁንም አላወዛወዘ፣ ዓይኑንም አልነቀለ። ጉሙ ሲውጠው እናትዓለም ደረቷ ውስጥ ጭንቅና ደስታ እኩል ሲታገሉ ተሰማት።

*

ቤቱ ተጎዝጉዟል፤ ጠላው ተጠምቋል። ወይዘሮ አገርነሽ አዲስ ቀሚሳቸውን ለብሰው ወዲያ ወዲህ ይላሉ።

«የት ነበርሽ አንቺ? በይ ልብስ ቀይሪ፣ ሊመጡ ነው!»

«እማዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ያን ደራሲ ‹እጁን ቁርጥማት ይያዘው› ያልሽው ለምን ነበር?»

«ምን የሚሉት ጥያቄ ነው አሁን? ሰውየውን እዚያ ሩቅ አገር አንጠልጥሎ፣ ልጅቱን ሳይጠይቋት ለኃላፊ…» አሉና ቆሙ። ልጃቸውን አዩ። በነጠላዋ ሥር ያቀፈችውን አዩ። ጉዝጓዙ ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ። «ያ የይፋጉ መምህር ነው?»

«እሱ ነው።» ከአፏ አልወጣ ያለው ቃልም አሁን ወጣ። «አካሉን አላገባም እማዬ። እምቢ ብያለሁ። እስከ ዛሬ አንቺን ፈርቼ ነው ዝም ያልሁት።»

«እኔን ፈርተሽ…» ወይዘሮ አገርነሽ ይህ ቃል ሆዳቸው ገባ።  «ቤት የለው፣ መኪና የለው። ደልጊ ድረስ እንዴት ልጠይቅሽ ነው?»

«መርከብ አለ፤ በየእሑዱ።»

«አንቺ ደግሞ መልስ አታጪም!» አሉ፤ ሊቆጡ አስበው ድምፃቸው ከዳቸው። «እስኪ ያቀፍሽውን አምጪ። ምንድን ነው?»

«ሶስና ያላገባችበት ነው።»

ወይዘሮ አገርነሽ ቀና አሉ። «ምን አልሽ? አላገባችም?»

እናትዓለም ከዐሥረኛው ደብዳቤ ጀምራ ከነጠርዙ ጽሕፈት አነበበችላቸው። ዝናቡ ጋ ስትደርስ የግቢው በር ተንኳኳ፤ የሽማግሎች ጉሮሮ ጥረጋ ተሰማ። እናትዓለም ንባቧን አቆመች። እናቷ ተነሡ፣ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«አንቺ ተቀመጪ። እኔ እነግራቸዋለሁ» ብለው ወጡ። ምን እንዳሏቸው አልሰማችም። ረዥም ጊዜ የቆየ፣ በትሕትና የተሞላ ንግግር ነበር፤ ከዚያ የሚርቅ ኮቴ ሰማች። እናቷ ተመልሰው ቦታቸው ተቀመጡ።

«ቀጥዪ እንጂ። ማይክሮፎኑን በመስኮት አወጣችውና?»

ወደ ማታ፣ ዐሥራ ሰባተኛው ሲያልቅ፣ እናትዓለም አዲስ ወረቀት አወጣች። ከላይ «ዐሥራ ስምንተኛ» አለችና አንድ መስመር ጻፈች፦ «እምቢ ብያለሁ። ይህ በራዲዮ አልተላለፈም።» ከሥሩም የተለመደውን ቃሏን ጨመረች።

ወይዘሮ አገርነሽ በትከሻዋ ላይ ተንጠራርተው አነበቡ። «ጠርዙ ላይ ደግሞ ‹እዚህ ላይ እማማ አገርነሽ አለቀሱ› በይ» አሉ።

«አላለቀስሽም እኮ እማዬ!»

«ጻፊ ብዬሻለሁ!» አሉና ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።